አዲስ ገቢ በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ዋና ሥራዋ ሰው መቀበል ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ የእንጦጦን ብርድ ሸሽተው ተከትለዋቸው የወረዱት መኳንንት፣ ወታደር፣ ቄስና ወጥ ቤት ሁሉ ለቦታው እንግዳ ነበሩ፤ ነባሮቹ የፊንፊኔ ኦሮሞዎች ነበሩ። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው የሰፈሩበት ቦታ እስከ ዛሬ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እየተባለ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ደግሞ ራሱ የመጣበትን አውቶቡስ ረስቶ፣ ከእሱ በኋላ የመጣውን ‹‹አዲስ ገቢ›› ይለዋል።

አዲስ ገቢነት በስንት ዓመት እንደሚያልቅ የተጻፈ መመሪያ የለም። ሃያ ዓመት ኖሮ ያልጨረሰው አለ፤ በስድስት ወር የተመረቀም አለ። መለያው ጥያቄ ነው። መጤው መጀመሪያ ሁሉን ይጠይቃል፤ መንገዱን፣ ዋጋውን፣ ውሃ የምትመጣበትን ሰዓት። ነዋሪ የሚሆነው ጥያቄው ዞሮ ወደ እሱ ሲመጣ ነው፤ አቅጣጫ ሲጠየቅ፣ ማደሪያ ሲጠየቅ፣ መዋጮ ሲጠየቅ። ወደዚያ የሚያደርሱት ደረጃዎች ብዙ ናቸው፤ ሲደርሱበት ግን እንደ ጣጣ እንጂ እንደ ሹመት ስለማይታዩ ማንም ደስ ብሎት አይቀበላቸውም።

መጀመሪያ ዘመድ ቤት ይታረፋል። ከደሴ መስመር የመጣው ላምበረት፣ ከሐዋሳ መስመር የመጣው ቃሊቲ መናኸሪያ ይወርድና እናቱ የቋጠረችለትን በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ተሸክሞ ተቀባዩን ይከተላል። አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው እምብዛም አይገኝም፤ የሥጋ ዘመድ ቢጠፋ የአባት የክርስትና ልጅ አይጠፋም። እንግዳው ሳሎን ሶፋ ላይ ስለሚተኛ የሚያንቀላፋው የቤቱ ሰው ቴሌቪዥን አይቶ ሲጨርስ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከሥራ በፊት ስለ ተከታታይ ድራማዎች ሰፊ እውቀት ያገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ‹‹ቤትህ እኮ ነው፣ ምን አስቸኮለህ?›› ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት አባወራው ቡና ላይ ሌላ ወሬ ጀምረው በመሃል ‹‹ለመሆኑ የቤቱ ነገር እንዴት ሆነ?›› ይላሉ። ብልህ እንግዳ ያመጣው ቅቤ ሳያልቅ ይወጣል።

ቤት ለመፈለግ መዞር፣ ለመዞር ደግሞ ታክሲ ማወቅ ግድ ነው። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ታፔላ ቢለጥፍም የሚታመነው የረዳቱ አፍ ነው። ረዳቱ ሁለትና ሦስት የቦታ ስም በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራ፣ ‹‹አራት ኪሎ ፒያሳ›› የአንድ ሰፈር ሙሉ ስም መስሎት የሚከርም አዲስ ገቢ አለ። የሚያጋልጠው ደግሞ ትህትናው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ‹‹ይቅርታ፣ መገናኛ ትደርሳላችሁ?›› ይላል። ነባሩ አይጠይቅም። ሰምቶ ይገባል፤ ተሳስቶ የገባ እንደሆነም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ መጀመሪያውኑ እዚያ ሊሄድ ያሰበ መስሎ ይወርዳል።

የወንበር ምርጫም እውቀት ይፈልጋል። ጋቢና ክብር አለው። መጨረሻው ወንበር ቢጠብም ሂሳብ ከማቀበል ያሳርፋል። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ግን ወራጅ ባለ ቁጥር ተነስቶ መቀመጥ ዕጣው ነው። ሲመሽ ‹‹እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ›› ይመጣል፤ ትርፍ መጫን የተከለከለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጠጋል። መልስ የመቀበል ጉዳይም አለ። አዲስ ገቢ ረዳቱ ራሱ አስታውሶ እስኪሰጠው ይጠብቃል፤ ረዳቱም በበኩሉ ተሳፋሪው ረስቶት እስኪወርድ ይጠብቃል። የሁለቱ ትዕግሥት ሲወዳደር ሁልጊዜ የረዳቱ ያሸንፋል።

ትልቁ ፈተና መውረድ ነው። አዲስ ገቢ ‹‹ወራጅ አለ›› የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣው ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። ሬዲዮውና ሞተሩ ተባብረው ይውጡታል፤ ታክሲው ያልፋል። ደግሞ እስኪል አንድ ፌርማታ ሄዷል። አጠገቡ ያሉት እናት አዝነው ‹‹ኧረ ልጁ ወራጅ አለ ይላል!›› ብለው ይጮኹለታል። እንዲህ እያለ ለሳምንታት ከመውረጃው አልፎ እየወረደ ወደ ኋላ በእግሩ ይመለሳል፤ ሰፈሩን ጠንቅቆ የሚያውቀውም በዚሁ ሰበብ ነው። ከዚያ በአንዱ ምሽት ከኋላ ወንበር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ስትቸገር ያይና ሳያስበው ‹‹ወራጅ አለ!›› ብሎ ያስተጋባል። ታክሲው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ችሎታ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተቋቋመም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ ሲሆን ጣቢያው የታወቀ ስለሆነ ተሳፋሪው ለመውረድ መጮህ አያስፈልገውም። ጉድለቱ ይህን ጥቅሙን ሌላውም ሕዝብ ማወቁ ነው።

መንገድ ስለ መጠየቅ ሲነሳ፣ አዲስ አበባ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም አላት፤ የሚጠቀምባቸው ግን የለም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ቦሌ አየር ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አቃቂ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከተማዋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ስለሆነች ማንም ‹‹ወደ ሰሜን›› አይልም፤ ‹‹ከቶታሉ ከፍ ብሎ››፣ ‹‹ከባንኩ ዝቅ ብሎ››፣ ‹‹ከቤተ ክርስቲያኑ ገባ ብሎ›› ይባላል። ባንኩ በየመታጠፊያው መኖሩ ለመሪው አይታየውም። የሰፈር ስሞችም ብዙ አይረዱም። ሃያ ሁለት የተባለው የቀድሞው 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት ስለነበር ነው፤ ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ስም የቀረ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ. ደግሞ የአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። አውቶቡሱም፣ ድርጅቱም፣ ተቋራጩም በቦታው የሉም።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የፒያሳና የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ። ነባሩ ‹‹ድሮ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ ታጠፍ›› እያለ ይመራል፤ ዳቦ ቤቱ የለም፣ መታጠፊያውም ሌላ መንገድ ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ ካርታ የሚያይ አዲስ ገቢ፣ የፒያሳን ቅያስ በቃሉ ከሚያውቅ የሰፈር ልጅ ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ ነው። ከተማው በሞላ አዲስ ገቢ ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነባሩ ግን ይህንንም ለክብሩ ተጠቀመበት፤ የፈረሰውን ማስታወስ የእሱ ብቻ ሀብት ሆነ።

መንገድ የሚጠይቀው ሰው አንድ ቀን መንገድ ይጠየቃል። ፌርማታ ላይ ቆሞ ሳለ ሻንጣ የያዘ ሰው ቀርቦ ‹‹ወንድሜ፣ ወረዳው የት ጋ ነው?›› ይለዋል። በዚህ ከተማ ‹‹አላውቅም›› የሚባል መልስ የተለመደ አይደለም። አዲስ ገቢውም አካባቢውን ቃኝቶ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ‹‹ቀጥ ብለህ ሂድና እዚያ ጠይቅ›› ይላል። ይህ መልስ ተሳስቶ አያውቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስለ ራስ መገኛ የሚሰጥ መረጃ ነው። ‹‹የት ደረስክ?›› ተብሎ ሲደወልለት አዲስ ገቢ ያለበትን ቦታ ይናገራል። ነባሩ መድረስ የነበረበትን ቦታ ይናገራል፤ ቤቱ ሆኖ ጫማውን እያሰረ ‹‹መገናኛ ነኝ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል›› ይላል። መንገዱ መዘጋጋቱ እውነት ስለሆነ ግማሹ ውሸት አይባልም።

ወደ ቤቱ ጉዳይ ሲመለሱ፣ ቤት የሚገኘው በደላላ ነው። ደላላ አይዋሽም፤ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው፣ የሚጎድለው ማብራሪያው ነው። ‹‹ለታክሲ ቅርብ›› ያለው ቤት ውስጥ ተከራዩን ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው ረዳቱ ነው። ‹‹ጸጥ ያለ›› ያለው ሰፈር ታክሲ አይደርስበትም። ‹‹ውሃ አለው›› ሲል ቧንቧ አለው ማለቱ ነው። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሰር ስለሌለው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ኪራዩ ይቀንሳል፤ ውሃውም እንዲሁ።

ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ደግሞ ከቤቱ ጋር አከራይ ያገኛል። አከራይዋ እትዬ ከተባሉ የመግቢያ ፈተና ይኖራል። ሥራው ይጠየቃል፤ አገሩ ይጠየቃል፤ እንግዳ ይበዛበት እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠቀም እንደሆነ ይጠየቃል። ላጤ ነኝ ቢል ሴት ያመጣል ተብሎ ይፈራል፤ ባለትዳር ነኝ ቢል ልጅ ይወልዳል ተብሎ ይፈራል። የሚወደደው ተከራይ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ የማያጥብ፣ የማይጋግር፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ቤት ለምን እንደሚያስፈልገው አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለ ምጣድ፣ ስለ እንግዳና የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ግን ምንም ስለማይል፣ እነዚህ ዛሬም በእትዬ ሥልጣን ሥር ናቸው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የነዋሪነት መለኪያው እንቅልፍ ነው። ቧንቧው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትንፋሽ አውጥቶ መንጠባጠብ ሲጀምር አዲስ ገቢ አይሰማም፤ ጠዋት ተነስቶ የጎረቤቱን ሙሉ በርሜልና የራሱን ባዶ ጄሪካን ያነጻጽራል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጆሮው ይሠለጥናል። የሰርግ ቤት ሙዚቃ አይቀሰቅሰውም፤ የጥበቃው ፉጨት አይቀሰቅሰውም፤ የቧንቧ ጠብታ ግን ከአልጋው ያወርደዋል። የሁሉም መጨረሻ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ‹‹ውሃ መጥታለች!›› ያለበት ሌሊት ነው። እስከዚያ ድረስ ‹‹ከላይ ያለው ልጅ›› ይባል የነበረው ተከራይ ከዚያ በኋላ በስሙ ይጠራል።

እናቱ ቤት እንጀራ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ላይ በቁጥር ይገዛል፤ ሦስት ይበቃል ወይስ አራት የሚለው ስሌት ወር ሲያልቅ ይከብዳል። ከሱቁ ጋር ያለው ግንኙነት የሚለካው ግን በዱቤ ነው። መጀመሪያ ላይ ባለሱቁ መልስ በማስቲካ ይሰጠዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ‹‹ዝርዝር የለም›› በ‹‹ኔትወርክ የለም›› ተተክቷል። ታዲያ አንድ ምሽት ሂሳቡ ሲጎድልበት ባለሱቁ ቀና ሳይል ‹‹ነገ ታመጣዋለህ›› ይለዋል። በዚያች ቃል ውስጥ ያለው እምነት ባንክ ሦስት ዋስ አስጠርቶ የማይሰጠው ነው። የዱቤ ደብተሩን ሰርቆ ለማየት የደፈረ ሰው ስሙ እዚያ እንደሌለ ይደርስበታል፤ የተመዘገበው ‹‹አራተኛ ፎቅ››፣ ‹‹መነፅር›› ወይም ‹‹የደሴው›› ተብሎ ነው። ይህ ከሰፈሩ የሚያገኘው የመጀመሪያው መታወቂያ ነው።

ሁለተኛው መታወቂያ ዘግየት ይላል። ከተማዋ በ11 ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማውም በወረዳ የተከፈለ ሲሆን የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው መኖሪያ መሸኛ ማምጣት ያስፈልጋል። መሸኛ ሰውየው ከዚያ መልቀቁን ይመሰክራል፤ እዚህ መግባቱን ግን ገና ማንም አልመሰከረም። ስለዚህ በወረቀት ሲታይ አዲስ ገቢ ለተወሰነ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ምናልባት ደብረ ብርሃን አካባቢ። ብዙ አከራዮች ደግሞ በቤታቸው ቁጥር ሌላ ሰው መመዝገቡን አይወዱም። ብሔራዊው መታወቂያ ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ የየትኛው ወረዳ ሰው ነው የሚለው ክርክር ግን መስኮት ላይ ይቀጥላል። ሰውየው ለመስኮቱ ሠራተኞች በመልክ የታወቀ ዕለት ወረቀቱ አንድ ፊርማ ቀርቶታል ማለት ነው።

ዓመቱ ሲዞር ሌሎች ትንንሽ ምልክቶች ይጨመራሉ። ከድሬዳዋ ወይም ከመተማ የመጣው የመጀመሪያውን ሐምሌ በጋቢ ተጠቅልሎ ያልፋል፤ በሁለተኛው ሐምሌ ከሚጢጢ ጃንጥላ ጋር ብቻ ይታያል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጣል። አብዛኛው ተሳታፊ የሚሮጠው ለፉክክር ስላልሆነ የዳገቱን ነገር በፎቶና በጭፈራ ያልፈዋል፤ ቁም ነገሩ ቲሸርቱ ነው። ቲሸርቱ መጀመሪያ ለጉራ፣ ቀጥሎ ለመኝታ፣ በመጨረሻም መስኮት ለመወልወል ያገለግላል፤ አንዱ ለመወልወያ ሲደርስ ሰውየው ሌላውን ገዝቷል።

ለበዓል ወደ አገር ቤት መሄድ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ ‹‹የደሴው›› የነበረው ሰው ደሴ ሲገባ ‹‹አዲስ አበቤው›› ይሆናል። ሳያውቀው ‹‹እኛ ጋ እኮ›› ብሎ ጀምሮ ስለ ውሃ ፈረቃ ሲያወራ እናቱ ቀና ብላ ታየዋለች። የምትወደውን ሰሃን አውጥታ እንደ እንግዳ ታስተናግደዋለች፤ ይህ ብዙዎችን ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም ሥጋው በዛ ያለ በመሆኑ በዝምታ ይበላል። ሲመለስ ሦስት ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል፦ አንዱ መድኃኒት እንዲፈልግ፣ አንዱ ስልክ እንዲያሠራ፣ ሦስተኛው ‹‹ለጥቂት ቀን ብቻ›› እንዲያሳርፍ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። አጎት ለሕክምና ጥቁር አንበሳ ሲጻፍላቸው፣ የአክስት ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲነሳ፣ አድራሻው የሚሰጠው የእሱ ነው። ንጋት ላይ ተነስቶ ወረፋ ይይዛል፤ ካርድ ያወጣል፤ ማታ አጎቱን አልጋው ላይ አስተኝቶ እሱ መሬት ፍራሽ ያነጥፋል። ለእትዬ ማስረዳትም አለ፤ ‹‹አንድ እንግዳ ብለህ አልነበር? ይኸው ሦስተኛው!›› ይባላል። እንግዳው ያመጣው ቅቤ ግማሹ ወደ እትዬ ቤት ሲሻገር ነገሩ ይበርዳል። የአክስት ልጅ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ቡና ላይ ‹‹የቤቱ ነገር እንዴት ሆነ?›› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣው እድር ነው። ወጣቱ እድርን የሽማግሌ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ ጎረቤት ይሞትበታል፤ ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲተከል፣ ወንበርና ሰሃኑ ሲደረደር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲፈራረቅ ያያል፤ ‹‹የእኔን አስከሬን ማን ይሸኘዋል?›› የሚለው ሐሳብ ያን ሌሊት ይመጣል። የእድሩ ጸሐፊም ሐዘኑ ሳይወጣ ጠጋ ብለው ‹‹ልጄ፣ አንተስ የየትኛው ነህ?›› ይሉታል። መመዝገቢያው ከወርሃዊው ክፍያ እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ነባሮቹ ለዓመታት ባዋጡት ድንኳን፣ ብረት ድስትና ገንዘብ ላይ አዲሱ አባል እኩል ድርሻ ስለሚያገኝ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ወርሃዊውን ያሳለፈ ይቀጣል። ስብሰባ ላይ ያለ ፈቃድ የተናገረም በአንዳንዱ እድር ይቀጣል፤ ብዙ ሰው ስብሰባውን የሚወደው ግን ለዚሁ ክርክር ነው።

ተከራይ ደግሞ ቤት ይቀይራል። ኪራይ ይጨምራል፣ ወይም እትዬ ልጃቸውን ሊድሩበት ይፈልጉታል፤ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ዳር ከተማ ይሄዳል። እድሩን ግን አይቀይርም፤ አዲሱ ሰፈር ሌላ መመዝገቢያ ይጠይቃል፣ የድሮዎቹ ደግሞ ስሙን ያውቁታል። ከካዛንቺስና ከፒያሳ ተነስተው ሩቅ ኮንዶሚኒየም የገቡ ነባሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ተከራዩ ክፍያ በሚሰበሰብበት እሁድ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ፣ ሁለት ታክሲ ለዋውጦ የድሮ ሰፈሩ ይደርሳል። የታክሲው ሂሳብ ከእድሩ ክፍያ ይበልጣል። ከረፈደ የደረሰ እንደሆነም ጸሐፊው ጤንነቱን፣ የሚስቱን ደህንነትና የአዲሱን ሰፈር ውሃ በዝርዝር ከጠየቁት በኋላ፣ ቅጣቱን ደምረው ደረሰኝ ይቆርጡለታል።